ከራስህ አትጨምር

ሞላሌ ገበያ መግቢያ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ይህን ስል አህያ ላይ የምጭን የሚመስለው እንግዳ ስላለ ላስረዳ፤ የምጭነው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ሰው ስልኩን ወይም የእጅ ሬዲዮውን ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ በጉን ሸጦ እስኪመለስ እኔ ከኮምፒውተሬ ገልብጬ እጠብቀዋለሁ። ጎን ለጎን ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፤ የመታወቂያ ፎቶም እንዲሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንደማንኛውም ነጋዴ ደጃፌ ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ።

በዚህ ሥራ ሰው ምን እንደሚሰማ ማወቅ ቀላል ነው። ሽማግሌው ቀረርቶ ይላል። ወጣቱ ከአዲስ አበባ ትናንት የወጣውን ካልሆነ አይቀበልም። እናቶች መዝሙር ያስጭኑና ሊሄዱ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ደሞ ያን ሰውዬ ጨምርበት» ይላሉ። ያ ሰውዬ በእኛ በኩል ተወልዶ ያደገ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚያወጣ፣ በክራር ብቻ የሚዘፍን ሰው ነው። ስሙን አልጽፈውም። እኛም ዘንድ አይጠራም፤ ጋሼ ነው የሚባለው።

እኛ ያልኩት የቴሌግራም ግሩፑን ነው። የመሠረተው ከእኔ ጋር በአንድ የኔታ ሥር ዜማ የተማረ ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም ድጓውን ሳንዘልቀው ወጣን። እሱ አዲስ አበባ ገብቶ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ሌላው የአድናቂዎች ግሩፕ ፎቶ ይለጥፋል፣ ቀይ ልብ ይልካል፣ ዘፋኙ ምን እንደለበሰ ያወራል። የእኛ ግን የለየለት የዜማ ቤት ሆነ፤ ሁለት ከቆሎ ተማሪነት ያመለጡ ሰዎች ሲገናኙ ሌላ ምን ሊሆን ነው!

ሕጉ ይህ ነው። ገብቶ መስማት ለማንም ይፈቀዳል፤ አባል ለመሆን ግን ማለፍ ያስፈልጋል። አዲስ የመጣ ሰው ከጋሼ ዘፈኖች አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ፣ ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ መልእክት ያሰማል። ካለፉት አንዱ ያዳምጠዋል። አንድ ቃል ከሳተ ወይም አንድ ቤት ከዘለለ «ድገም» ይባላል፤ ከሀ ብሎ ይጀምራል። ልክ ከሆነ «እለፍ» ይባላል። ያለፈ ሰው በበኩሉ የሚቀጥለውን ተረኛ ያዳምጣል። ግጥም በጽሑፍ መለጠፍ ክልክል ነው፤ ጓደኛዬ በወረቀት የተያዘ ነገር የወረቀቱ ነው ባይ ነው። ዕድሜና ማዕረግም አይታይም፣ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር «ድገም» ተብሎ ሲያኮርፍ አይተናል። አኩርፎ አኩርፎ ደገመ።

እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ሁለተኛ አይደርስበትም ብዬ ነበር። ይባስ ብሎ ጎረፈ። ከደብረ ብርሃን፣ ከደሴ፣ ከአረብ አገር ሳይቀር እየተነሣ መጥቶ «ድገም» ይባላል፣ ይደግማል፣ ሲያልፍ ልጅ የዳረ ያህል ደስ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ይጣፍጠኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ድገም እየተባልኩ ስንት ቀን ተመልሻለሁ፤ አሁን መላሽ ሆኜ ከወንበሬ ሳልነሣ ሰው ስመልስ መዋል ደስ ካላለኝ ሌላ ምን ደስ ሊለኝ ይችላል?

ከዘፈኖቹ ሁሉ ሰውን የሚጥለው «ክዳን» የሚለው ነው። ረጅም ነው፤ ቤቶቹ ይመሳሰላሉ። ነገሩ ደግሞ የእኛው አገር ነገር ነው። ጓሳ፣ ያ ቤት የምንከድንበት ሣር፣ በፈለጉ ጊዜ የሚያጭዱት አይደለም። አገሩ ተስማምቶ ይከለክለዋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፍተዋል። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ቤቱን ሠርቶ፣ ግድግዳውን መርጎ፣ ክዳኑ ብቻ ቀርቶት ጓሳው እስኪከፈት ይጠብቃል፤ የወደዳትም አብራው እንድትጠብቅ ይለምናል። ከዚያ እንዲህ ይላል፤

ጓሳው እስኪከፈት ትንሽ ቆዪ ብያት፣
ቆርቆሮ የመታ ጎረቤት ወሰዳት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ሰው ይስቃል። መጨረሻው ላይ ግን የሚስቅ የለም፤

ቤቴ ተከደነ ዝናቡም አባራ፣
እኔ ላይ ያፈሳል ይህ ያማረ ጣራ።

ይህን የዘፈነው ሰውዬ ዝም ካለ ቆይቶ ነበር። አዲስ ዘፈን የለም፣ ሠርግ ላይ አይታይም፣ ስልኩ አይነሣም። ግሩፑ በዚህ ጉዳይ ያላወራው ወሬ አልነበረም። ገዳም ገብቷል ተባለ፤ ውጭ አገር ሄዶ ቀርቷል ተባለ። ጓደኛዬ በየሳምንቱ ረጅም ጽሑፍ ይለጥፍ ነበር፦ «ጋሼ ሆይ፣ የት ነህ? አንዲት ቃል ብታሰማን ምን አለበት?» ሥራ ላይ ተቀምጦ የሚጽፈው እንደሆነ ሰዓቱን አይቼ አውቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ሰው ገባ። ስም አልነበረውም፤ ስም በሚጻፍበት ቦታ አንድ ነጥብ ብቻ አስቀምጧል። ባለ ነጥቡ አልነው። ቀጥታ «ክዳን»ን ልበል አለ። ለጀማሪ ይከብዳል ብዬ ብጽፍለት «እሺ» ብሎ ዝም አለና ያንኑ «ክዳን»ን ላከ። ተረኛው አዳማጭ እኔ ነበርኩ፤ አንዱን የጀመረ አዳማጭ ደግሞ እስኪያሳልፈው ይቀጥላል።

የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ትኩስ ድንች በአፉ ይዞ የሚናገር ይመስላል። ሁለተኛውን ቤት ትቶ ሦስተኛውን አለ። «ድገም» አልኩ። «እሺ» አለ። በማግሥቱ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ረጅም ጊዜ ተነፈሰ፣ መልእክቱም እዚያው አለቀ። «ድገም» አልኩ። «እሺ» አለ። በሦስተኛው እየጎተተ፣ እየተንፏቀቀ መጨረሻው ላይ ደረሰና እንዲህ አለ፤

ቤቴ ተከደነ ዝናቡም አባራ፣
ነይ ግቢ አልልሽም የሰው ነሽ አደራ።

እንዲህ የሚባል ነገር በ«ክዳን» ውስጥ የለም። በየኔታ ቤት ከመርሳት የሚከፋ ጥፋት ይህ ነው፤ የረሳ ይታዘንለታል፣ የሌለ ነገር ከራሱ አምጥቶ የሚለጥፍ ግን በኩርኩም ነበር የሚመለስ። ኩርኩም በቴሌግራም ስለማይላክ፣ የኔታ ይሉን የነበረውን ጻፍኩለት፦ «ከራስህ አትጨምር። ድገም።»

«እሺ» አለ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን አንዲት ሴት ሱቄ መጣች። በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ከቀየት በኩል በመኪና የመጣች፣ ነጠላዋ አቧራ የለበሰ ሴት ናት። ሰው እስኪቀል ድረስ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ካርድ የምታስጭን መስሎኝ እጄን ብዘረጋ አልሰጠችኝም።

«ወንድሜ፣ ድገም የምትለው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ድገም የምንል ብዙ ነን።»

«ባለ ነጥቡን ድገም ያልከው። በግሩፑ ላይ የሱቅህን ፎቶ አድርገሃል።»

የተቀየመ ሰው ዘመድ ናት፣ ልትጣላኝ ነው ብዬ ቀድሜ ለስለስ አልኩ። «እህቴ፣ ቅር እንዳይላችሁ። ከቀላል ዘፈን ይጀምር በይው። ክዳን ለጀማሪ ይከብዳል ብዬ ነግሬው ነበር።»

መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው ዐይኗ እንባ ሞላ። «ክዳንን እኮ የሠራው እሱ ነው» አለችኝ። «አባቴ ነው።»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። የማደርገው ብጠፋ ፎቶ ኮፒውን አጠፋሁ፤ ያለ ሥራ ሲያጉረመርም ነበር።

አስቀምጫት ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት ጋሼ ታሞ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። ተርፎ ተነሣ። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሰው ያውቃል። ምላሱ ግን ከበደ፤ ዘፈኖቹም ከውስጡ ወጡ። ክራሩን አንሥቶ ይጀምርና መንገዱ ይጠፋዋል። «እየሰማ ቢያጠናስ? ሁሉም ተቀድቶ አለ አይደል?» አልኳት።

«ከፍቼለት ነበር። 'ዝጊው' አለኝ። 'ይሄ አያርመኝም፤ ስሳሳት ጥሎኝ ይሄዳል' አለ። እኔም ላርመው ሞክሬ ነበር፣ አንጀቴ አልቻለም፤ ሲሳሳት ዝም እለዋለሁ፣ ዝም ስለው ደሞ ይናደዳል። ልጅ ሆኖ የቄስ ትምህርት ቀምሷል። እናንተ ሰው እንደምትመልሱ ሲሰማ 'እዚያ አስገቢኝ' አለ። ሰው እንዳያውቀው ብሎ ስሙን በነጥብ ያደረገውም እሱው ነው።»

«ያቺ የመጨረሻዋስ? የሰው ነሽ አደራ ያላት?»

«መጀመሪያ ሲሠራው እንደሱ ነበር። ሊቀዳ ሲሄድ ነው የጣራውን ያደረገው። አሁን የሚመጣለት የድሮው ነው።» ነጠላዋን አራገፈችና ፈገግ አለች። «አንተ 'ከራስህ አትጨምር' ስትለው ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። 'ስሚማ፣ ከራስህ አትጨምር አለኝ እኮ' እያለ ሲስቅ ዋለ።»

እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን አልመጣልኝም።

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረችኝ። ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ለልጁ፣ «ክዳንን ሙሉውን ብዬ ካለፍኩ አወርዳታለሁ። ካልቻልኩ ለሚጫወትባት ሰው ስጪልኝ» ብሏታል። የሚሰጠውን ሰው ሳይቀር መርጧል።

«እንግዲያው ምን ችግር አለው?» አልኳት። «ዛሬውኑ አሳልፈዋለሁ።»

«እንዳታደርገው! የመጣሁት ለዚሁ ነው። መሳሳቱን እኮ ያውቃል፤ የት ላይ እንደሆነ ነው የሚጠፋው። አዝነህ ካሳለፍከው ያውቅብሃል፣ ክራሩንም በዚያው ቀን ለሰው ይሰጠዋል። ለማንም ደሞ እንዳትነግር። ሰዎቹ ካወቁ መጥተው ያለቅሱብናል። ታሞ በከረመበት ጊዜ የሰው ለቅሶ ጠግቧል።»

ይህን ብላ ወጣች። ካርድም ሳታስጭን ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ከበደኝ። አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው፣ ዘፈኑን የሠራውን ሰው ራሱን፣ «ድገም» እያልኩ መጻፍ! «ይድገሙ» ብል ደግሞ ነገሩ ያልቃል፤ በግሩፑ ውስጥ ማንም ሰው እርስዎ ተብሎ አያውቅም። ስለዚህ አንተ እያልኩ ቀጠልኩ። ስጽፍ ሳይታወቀኝ ከወንበሬ ብድግ እንደምል አንድ ደንበኛ ነው ያየብኝ። «ምን ነካህ?» አለኝ። ወንበሩ ጎርብጦኝ ነው አልኩት።

ጓደኛዬ ደወለ። «ባለ ነጥቡን ለምን አታስወጣውም? ሦስቴ የወደቀ ይሰናበት እያልኩህ አይደለም? አሁንማ መቁጠሩንም ተውኩት» አለኝ። በዚያው ቀን ጠዋት ያንን «ጋሼ ሆይ» የሚለውን ለጥፎ ነበር። ባለ ነጥቡ ከሥሩ አውራ ጣት አድርጎለታል።

«አንተን የኔታ ስንቴ መለሱህ?» አልኩት።

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ሦስት ጊዜ ብለው ቢያሰናብቱህ ኖሮ ዛሬ ማንን ታሰናብት ነበር?»

«እንግዲህ ባንተ ኃላፊነት» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ነግሬው ቢሆን ኖሮ በዚያችው ሰዓት መኪና ተሳፍሮ ቀየት ይገባ እንደነበር አውቃለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጋሼን ከልቡ ይወዳል። የሚወደውን ሰው ሊያባርርብኝ መሆኑ ነው ያበገነኝ።

በልግ አልፎ ክረምት ገባ። ባለ ነጥቡ ይልካል፣ እኔ እመልሳለሁ። መሻሻሉ ይታወቅ ነበር፤ አንዱን ቤት ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል፣ ያመለጠውን ሲያገኝ የያዘው ይላላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይቀመጣሉ። «የሰው ነሽ አደራ» የምትለዋ ግን አልለቅ አለችው። መጨረሻው ላይ እየመጣች ትቀመጣለች። እኔም «ከራስህ አትጨምር» እላለሁ፤ የእውነት የራሱ መሆኗን ግን በግሩፑ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንዲያውም ሳስበው ከጣራው ይልቅ እሷ ትሻለኝ ጀመር፤ ይህ ግን ለማን ይነገራል?

አንድ ቀን ሙሉውን ሊለው አንዲት ቃል ቀረችው። የመጨረሻውን ቤት በትክክል ብሎት ነበር፤ የሳተው ከፊት ነው፣ «ጎረቤት» በሚልበት ቦታ «ባለጸጋ» አለ። ቤት ይመታል፣ ትርጉም ይሰጣል፣ ከእኔ በቀር የሚያስተውለውም ላይኖር ይችላል። «እለፍ» ብዬ ጻፍኩ። ሳልልከው አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። የሴትዮዋ ነገር ትዝ ሲለኝ አጠፋሁና «ድገም» ብዬ ላክሁ። ያን ቀን ገበያው ሳይበተን ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ።

«እሺ» የሚለው ቃል አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። ሳምንቱ አለፈ። ክራሩ ከግድግዳው ወርዶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ማላውቀው ሰው ቤት ሲሄድ ይታየኝ ነበር። ፈራሁ። ቁልጭ ያለ ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የሰውን ሕይወት በአንዲት ቃል የማጥፋት ሥልጣን ማን ሰጠኝ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። ሁለቴ ወደ ቀየት ልሄድ ተነሣሁ፤ ሁለቴም ምን ብዬ እገባለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

መልእክቱ የመጣው አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ የመሬት ደብተራቸውን ፎቶ ኮፒ ሳነሣላቸው ነው። «ትንሽ ይታገሡኝ» ብዬ ስልኬን ወደ ጆሮዬ አደረግሁ። ዝናቡ በባለ ነጥቡም ዘንድ እየዘነበ ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል። ጋሼም ቆርቆሮ መትቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ቤት በቦታው ነው። ሦስተኛው በቦታው ነው። «ቆርቆሮ የመታ ጎረቤት ወሰዳት» አለ፣ ጎረቤት የሚለውን ጫን አድርጎ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ዝናቡም አባራ» ብሎ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ዝናቡ ይሰማኛል። ያቺ መስመር በር ላይ ቆማ አስገባኝ እያለችው እንደሆነ አወቅሁ። አላስገባትም። የጣራውን አለ።

ስህተት ፍለጋ ደግሜ ሰማሁት፤ ግዴታዬ ነው። አጣሁ። «እለፍ» ብዬ ላክሁ።

«እሺ» አለ።

ገበሬው፣ «ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አሉኝ። ለካ እያለቀስኩ ኖሯል። ሰው አልሞተብኝም አልኳቸው፣ የደብተራቸውንም ኮፒ በነጻ ሰጠኋቸው።

ጓደኛዬ ከሥሩ ጻፈለት፦ «ባለ ነጥቡ፣ እንኳን ደስ አለህ! ቃልህ ልክ ነው። ድምፅ ግን አልሰጠህም።» ብዙ ሰው የሚስቅ ፊት ላከ። ባለ ነጥቡም የሚስቅ ፊት ላከ።

በሕጋችን መሠረት የሚቀጥለውን ተረኛ የሚያዳምጠው ያለፈው ሰው ነው። ተረኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። እሷም «ክዳን»ን መረጠች። እንዲህ አድርጎ ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ እንከን የለበትም፣ ድምፅዋም ያምራል። ሁላችንም «እለፊ» የሚለውን ስንጠብቅ ባለ ነጥቡ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ልክ ነው። ድገሚው።»

ግሩፑ ተንጫጫ። ምኑ ነው የሚደገመው? የት ላይ ተሳሳተች? ጓደኛዬ ለብቻዬ ጻፈልኝ፦ «ይኸውልህ! ያሳለፍከው ሰው አብዷል። ስህተት ሳይኖር ድገም ይባላል?» ልጅቱ ግራ ገብቷት «ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምንም አላጠፋሽም» አለ ባለ ነጥቡ። «ድገሚው።»

እኔ መሃል ገባሁና «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ያሁኑ ከፊተኛው ቀስ ያለ ነበር።

ከዚያ ከባለ ነጥቡ አጭር የድምፅ መልእክት መጣ። ከፈትኩት። ንግግር የለውም። አንድ ጅማት ተመታ፣ ላላ፣ ደግሞ ተመታ፤ ከዚያ ሁለተኛው። ክራር እየተቃኘ ነበር።

ወዲያው ጓደኛዬ ጻፈበት፦ «ወንድም፣ እዚህ ግሩፕ ላይ መሣሪያ ክልክል ነው። ቃል ብቻ።»

የጓደኛዬን መልእክት አጠፋሁት።